የሚደርስ ዕጣ፣ የማይደርስ ዕጣ፦ የብሔራዊ ሎተሪ ታሪክና ጨዋታዎቹ

(በመቐለ ከተማ ዓይናለም ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለአካባቢው ነዋሪዎች የተሰጠ ሕዝባዊ ንግግር። ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ ለንባብ እንዲመች በተናጋሪው መጠነኛ ማስተካከያ ተደርጎበታል።)



 ከልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች የመጡ ተማሪዎች በመካከላችን ስላሉ ንግግሩ በአማርኛ እንዲሆን ተስማምተናል። የዓይናለም አባቶችና እናቶች ግን በትግርኛ ብትጠይቁኝ በትግርኛ እመልሳለሁ።

ነገሬን በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ልጀምር። ባለፈው ክረምት መጻሕፍቴን አቧራ ሳራግፍ ከአንዱ መጽሐፍ መካከል አንድ የሎተሪ ትኬት ወደቀ። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ከአንድ አዟሪ የገዛሁት መደበኛ ሎተሪ ነው። ዕጣው መውጣት አለመውጣቱን ለማየት ጊዜ አላገኘሁም፤ ጥቅምት ሳያልቅ ጦርነቱ መጣ። ስልኩ ተቋረጠ፣ ባንኩ ተዘጋ፣ መንገዱም ተዘጋ። በእነዚያ ዓመታት ሰው በላቡ ያጠራቀመውን ገንዘብ እንኳ ከባንክ ማውጣት ባልቻለበት ጊዜ የሎተሪ ትኬትን የሚያስታውስ ማን ነበር? እኔም ረሳሁት። ሳገኘው ግን መጣል አቃተኝ። ምንም ዋጋ እንደሌለው እያወቅሁ መልሼ ከመጽሐፉ ውስጥ አስቀመጥሁት።

የታሪክ መምህር ነኝና በራሴ ላይ ጥያቄ አነሣሁ። መንግሥት ሎተሪ ሲሸጥልን በእርግጥ የሚሸጥልን ምንድን ነው? ገንዘብ እንዳይሆን፣ አብዛኞቻችን ገንዘብ አናገኝበትም። ወረቀት እንዳይሆን፣ ለወረቀቱ ያን ያህል አንከፍልም። ዛሬ የማቀርብላችሁ ክርክር ይህ ነው፦ ብሔራዊ ሎተሪ የሸጠልን ከእርሱ በፊት የነበረንን፣ በአባቶቻችን ዘንድ የተከበረውን የዕጣን አመኔታ ነው። ያ አመኔታ ከየት መጣ፣ በጨዋታዎቹ ውስጥ እንዴት ተለወጠ፣ ዛሬስ ምን ላይ ደረሰ የሚለውን በቅደም ተከተል ለማየት እሞክራለሁ።

ከቃሉ እንጀምር። በአማርኛ ዕጣ፣ በትግርኛ ዕጫ እንላለን። ‹‹ዕጣ ፈንታ›› የሚለውን አነጋገር አስተውሉ፤ ፈንታ ማለት ድርሻ ነው። የሰውን የሕይወት መጨረሻ ለመግለጽ የመረጥነው ቃል የማካፈያ ቃል ነው ማለት ነው። ዕጣ በመሠረቱ የጋራ የሆነን ነገር ያለ አድልዎ ማካፈያ መሣሪያ ነበር። በመጽሐፍ ቅዱስ ከነዓን ለነገዶች የተከፈለችው በዕጣ ነው፤ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 1 በይሁዳ ቦታ ማትያስ የተመረጠው በዕጣ ነው። በአገራችንም በትግራይ ‹‹ደሳ›› ተብሎ በሚታወቀው የመንደር የጋራ ይዞታ የእርሻ መሬት በየጊዜው እንደገና ሲደለደል ማሳዎቹ በዕጣ ይወጡ ነበር። ዕጣው የሚወስነው የትኛው ማሳ ለማን እንደሚሆን ነበር እንጂ መሬት ማን አግኝቶ ማን እንደሚቀር አልነበረም። ጭንጫው የደረሰው ሰው ያዝናል፤ ባዶ እጁን ግን አይመለስም፤ በሚቀጥለው ድልድልም ዋልካው ሊደርሰው ይችላል።

ዕቁብም እንዲሁ ነው። ሃያ ሰዎች በየወሩ አንድ አንድ ሺህ ብር ቢጥሉ ሃያው ሰው እያንዳንዱ በየተራው ሃያ ሺህ ብር ይወስዳል። ዕጣው የሚወስነው መቼ የሚለውን ብቻ ነው። መጀመሪያ የወጣለት ያለ ወለድ ብድር እንዳገኘ ይቆጠራል፣ መጨረሻ የወጣለት ደግሞ ሲቆጥብ እንደቆየ። የጊዜን ጥቅም ማንም በጉልበቱ ወይም በዝምድናው እንዳይወስደው ዕጣ ይዳኛል። የዚህ ዳኝነት መተማመኛ ደግሞ አንድ ነገር ነው፤ ዕጣው የሚወጣው ሁሉም እያየ ነው። ብዙ ጊዜ ወረቀቱን የሚያነሣው ሕፃን ልጅ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ልጅ ወገን የለውም ተብሎ ይታመናልና።

እዚህ ላይ አንድ ግሥ ልብ በሉልኝ። ‹‹ዕቁብ ደረሰኝ›› እንላለን። ይህ ትክክለኛ አነጋገር ነው፤ ተራ ነውና በእርግጥ ይደርሳል። ነገር ግን ‹‹ሎተሪ ደረሰው››ም እንላለን፤ ‹‹ዲቪ ደረሳት››፣ ‹‹ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው››ም እንላለን። ተራ በሌለበት ቦታ ሁሉ የተራን ግሥ ወስደን ተጠቅመናል። ማንም ተራውን የማይጠብቅበትን ጨዋታ ተራ እንደሚጠበቅበት አድርገን እንናገራለን። የንግግሬ ፍሬ ነገር በዚህች ግሥ ውስጥ አለ።

ከዕጣ ወደ ሎተሪ የተደረገው ሽግግር የእኛ ብቻ ታሪክ አይደለም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በጣልያኗ ጄኖቫ ሪፐብሊክ የምክር ቤት አባላት የሚመረጡት የዕጩዎች ስም ካለበት ዕቃ ውስጥ የአምስት ሰዎች ስም በዕጣ እየወጣ ነበር። ዓላማው ሥልጣን በጥቂት ቤተሰቦች እጅ እንዳይቀር ማካፈል ነው። ሕዝቡ ግን የማን ስም ይወጣል በሚለው ላይ መወራረድ ጀመረ። ከጊዜ በኋላ ስሞቹ በቁጥር ተተኩና ከ1 እስከ 90 ካሉት ቁጥሮች አምስቱ የሚወጡበት ሎቶ የተባለው ጨዋታ ተወለደ። ሹመትን በፍትሕ ለማካፈል የታሰበው ዕጣ ገንዘብ መሰብሰቢያ ሆነ። በእንግሊዝም ንግሥት ኤልሳቤጥ ቀዳማዊት ወደቦችን ለማሳደስ ያወጀችው ሎተሪ እ.ኤ.አ. በ1569 ወጣ። መንግሥታት አንድ ነገር ተረዱ፦ ግብር ሲጥሉበት የሚያጉረመርም ሕዝብ ትኬት ሲሸጡለት በደስታ ይከፍላል። አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 ባሳተመው ታላቅ መጽሐፉ ይህንኑ ነገር በኢኮኖሚ ባለሙያ ዓይን ተመልክቶታል። ሰዎች የማግኘት ዕድላቸውን አብልጠው ይገምታሉ አለ፤ ብዙ ትኬት በገዛህ ቁጥር ኪሳራህ ይበልጥ እርግጠኛ እየሆነ ይሄዳል ሲልም አስረዳ። ትኬቶቹን በሙሉ የሚገዛ ሰው መክሰሩ የማይቀር ነውና።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ብሔራዊ ሎተሪ የተቋቋመው በ1954 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 183 ነው። ዘመኑን አስታውሱ። የታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ከከሸፈ ዓመት አልሞላም። በዚያው በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። ለእናንተ ለተማሪዎች ይህ አጋጣሚ ትኩረት የሚስብ ይመስለኛል፤ ዘመናዊው የኢትዮጵያ መንግሥት ለወጣቱ ሁለት የመውጫ መሰላል በአንድ ዓመት አቆመ፣ አንዱ በትምህርት፣ ሌላው በዕድል። በዓለም ደረጃም ስንመለከተው አገራችን ወደ ኋላ የቀረች አልነበረችም። በአሜሪካ የዘመናችን የመጀመሪያው የክፍለ ግዛት ሎተሪ በኒው ሃምፕሻየር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው፤ ብሪታንያም ከረጅም ጊዜ እገዳ በኋላ የዛሬውን ብሔራዊ ሎተሪዋን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው።

ለምን በዚያ ጊዜ? እኔ የምሰጠው ትርጓሜ ይህ ነው። የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል፣ ሠራዊትና ቢሮክራሲ እያስፋፋ ነበር፤ የገቢው ምንጭ ግን ጠባብ ነበር። መሬትን በግብር መንካት ምን እንደሚያስከትል እኛ እንደርታዎች ከማንም በላይ እናውቃለን፤ በ1935 ዓ.ም. በዚህ አካባቢ የተቀጣጠለው የቀዳማይ ወያነ ዓመፅ ከመንስኤዎቹ አንዱ ግብርና የአስተዳደር በደል ነበር። የእርሻ ገቢ ግብር ሕግ ሲወጣም በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ ተነሥቶ ተዋግቶታል። ባለ ርስቱን ማስገደድ ያልቻለ መንግሥት ከተሜውን በፈቃዱ የሚያስከፍልበት መንገድ ያስፈልገው ነበር። ሎተሪ ማንም የማያምፅበት ግብር ነው፤ ከፋዩ ራሱ አዟሪውን ጠርቶ ይከፍላልና።

ስለ ጨዋታዎቹ እንነጋገር። ግንዱ መደበኛ ሎተሪ ነው። ቁጥር የታተመበት ትኬት ይሸጣል፤ በተወሰነው ቀን ዕጣው በሕዝብ ፊት ይወጣል፤ ቁጥሮቹም ይፋ ይሆናሉ። በዓል ሲመጣ ልዩ ሎተሪዎች ይመጣሉ፤ እንቁጣጣሽ ሎተሪ፣ የገና ስጦታ ሎተሪ፣ የትንሣኤ ሎተሪ። ሰው በዓመቱ መለወጫ ሕይወቴም ይለወጥ ይሆናል ብሎ ተስፋ እንደሚያደርግ የታወቀ ነውና የበዓሉ ቀን ራሱ የገበያው አካል ሆነ። ቶምቦላ ሌላው ነው። ቃሉን የወሰድነው ከጣልያንኛ ነው፤ በናፖሊ ቶምቦላ ቤተሰብ በገና ሰሞን ተሰብስቦ የሚጫወተው የቁጥር ጨዋታ ነው። በእኛ አገር ትርጉሙ ተለውጦ መኪና፣ ቤት፣ የቤት ዕቃ የሚያሸልም፣ ድርጅቶችና ማኅበራትም ለገቢ ማሰባሰቢያ ፈቃድ እያወጡ የሚያዘጋጁት ዕጣ ሆነ። ከዚያም ተፍቆ ወዲያው የሚታየው ፈጣን ሎተሪ፣ ቁጥር ሎተሪና ቢንጎ ተከታተሉ።

የመደበኛውን ሎተሪ አሠራር በቀላል ምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል የወሰድኋቸው ናቸው። አንድ ሚሊዮን ትኬት በአሥር በአሥር ብር ተሸጠ እንበል፤ አሥር ሚሊዮን ብር ተሰበሰበ። ግማሹ ለሽልማት ቢመለስ፣ የቀረው ለአዟሪ፣ ለኅትመት፣ ለሥራ ማስኬጃና ለመንግሥት ይሄዳል። እንግዲህ አሥር ብር የተገዛው ትኬት በአማካይ አምስት ብር ያወጣል ማለት ነው። አሁን የመጨረሻዋ አንዲት አኃዝ የገጠመለት ሁሉ የትኬቱን ዋጋ ያገኛል እንበል። ከአሥር ሰዎች አንዱ ‹‹ደረሰኝ›› ይላል። በእርግጥ የደረሰው የራሱ አሥር ብር ነው። ነገር ግን አሸናፊ ነኝ ብሎ ያችኑ አሥር ብር ሌላ ትኬት ይገዛባታል። አንደኛው ዕጣ በጋዜጣ ይወራል፤ ጨዋታውን የሚያኖረው ግን ይህ ትንሹ ዕጣ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ‹‹በአንድ ቁጥር አመለጠኝ›› የሚል ሰው ያልሰማ በመካከላችን አይኖርም። የወጣው ቁጥር በ7 ያበቃል፣ የእርሱ በ8። በቁጥር ደረጃ ጎረቤት ናቸው፤ በዕድል ደረጃ ግን 8 ከ7 የሚቀርበት ምንም ምክንያት የለም፣ ከሁሉም ቁጥሮች እኩል ሩቅ ነው። ሰው ግን ‹‹ቀርቦኝ ነበር›› ይላል፤ የቀረበ ነገር ደግሞ በሚቀጥለው ይደርሳል። የዕቁብ ልማድ እዚህ ላይ ያሳስተናል። በዕቁብ ውስጥ ባልወጣልህ ቁጥር ተራህ በእርግጥ እየቀረበ ይመጣል። ሎተሪ ግን ትዝታ የለውም፤ ሃያ ዓመት የገዛውና ዛሬ የጀመረው በአንዲት ትኬት ፊት እኩል ናቸው።

ይህን ሁሉ ካልሁ በኋላ ለሎተሪ መናገር የሚገባውንም ልናገር። አንደኛ፣ አዟሪው አለ። በአካል ጉዳት ምክንያት ሌላ ሥራ ያልተገኘለት፣ ከገጠር አዲስ የገባ ወጣት፣ በዕድሜ የገፋ ሰው በዚህ ሥራ እንጀራውን ሲበላ ኖሯል። ሁለተኛ፣ ትኬቷ ርካሽ ናት፣ ዕጣዋም እስኪወጣ ቀናት ይጠበቃል፤ በእነዚያ ቀናት ሰው ‹‹ቢወጣልኝ›› ብሎ የሚያስበው ነገር ዋጋ የለውም ማለት አልችልም። ሦስተኛ፣ አሸናፊውም ግብር ይከፍላል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ከዕድል ሙከራ በሚገኝ ሽልማት ላይ 15 በመቶ ግብር ጥሏል፣ ከ1,000 ብር በታች የሆነው ሲቀር። አራተኛውና ዋናው ደግሞ ዕጣው በአደባባይ መውጣቱ ነው። ብሔራዊ ሎተሪ ከደሳውና ከዕቁቡ የወረሰው ትልቁ ነገር ይህ ነበር።

ተቃውሞውም በአገራችን የቆየ ነው። በእስልምና ቁማር የተከለከለ መሆኑ በቅዱስ ቁርኣን በሱረቱል ማኢዳህ በግልጽ ተነግሯል። በክርስቲያኑም ዘንድ ያለ ድካም የሚመጣ ገንዘብ በረከት የለውም የሚለው አስተሳሰብ ሥር የሰደደ ነው። ይሁን እንጂ ሦስት እርስ በርሳቸው የማይስማሙ መንግሥታት በአንድ ነገር ተስማምተዋል፤ ሎተሪውን አልነኩትም። ደርግ በ1967 ዓ.ም. ባንክንና ኢንዱስትሪን ወረሰ፣ መሬትን የሕዝብ አደረገ፣ ከላብ ውጭ የሚገኝ ሀብትን አወገዘ፤ ብሔራዊ ሎተሪ ግን ቀጠለ። ኢሕአዴግም በ1999 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 535 አስተዳደሩን እንደገና አቋቋመው። በዚህ ሕግ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ሎተሪ የሚያጫውት፣ ለሌሎችም ፈቃድ የሚሰጥና የሚቆጣጠር ሆነ። አጫዋችና ዳኛ በአንድ ሰው ሲሆኑ በሜዳ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ሥር ከተሰበሰቡት የመንግሥት ድርጅቶች አንዱ ሆኗል፤ ይህም ስለ ሎተሪ የምናስብበት መነጽር ከሕዝባዊ አደራ ይልቅ ወደ ትርፋማነት እያዘነበለ መሆኑን ያመለክታል።

እስቲ ሎተሪ ከትኬት ወጥቶ ወደ ሌላው ኑሯችን የገባበትን መንገድ እንይ። ሁለት ምሳሌ ይበቃኛል። የመጀመሪያው ዲቪ ነው። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ መሠረት የተጀመረው ይህ ዕጣ በአገራችን አንድ ትውልድ በጥቅምትና በኅዳር ፎቶግራፍ ቤት እንዲሰለፍ አድርጓል። መመዝገቢያው ለረጅም ዓመታት ነጻ ነበር፤ ሆኖም በዙሪያው የሞላው ደላላ፣ የደረሳቸውን የሚያስፈልገው ገንዘብ፣ ለጋብቻ እስከ መስማማት የሚደርሰው ውል ሌላ ኢኮኖሚ ፈጠረ። በትምህርት ወይስ በዕድል? የሚለው የ1954ቱ ጥያቄ በዲቪ ዘመን ለዕድል አደላ።

ሁለተኛው የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ነው። በ1997 እና በ2005 ዓ.ም. የተመዘገበው ሕዝብ በየወሩ እየቆጠበ ለዓመታት ጠበቀ። ይህ ዕጣ በቃል ደረጃ የዕቁብ ዓይነት ነበር፤ ሁሉም ይደርሰዋል፣ የሚለየው መቼ የሚለው ብቻ ነው ተብሎ ነበር። ሐምሌ 2014 ዓ.ም. የ25,491 ቤቶች ዕጣ በኮምፒዩተር ከወጣ በኋላ ብቁ ያልሆኑ ሰዎች መረጃ በሥርዓቱ ውስጥ መግባቱን የከተማው አስተዳደር አስታውቆ ዕጣውን ሰረዘው፤ በጉዳዩ የተጠረጠሩ ባለሙያዎችና ኃላፊዎችም ታሰሩ። ከወራት በኋላ ዕጣው እንደገና ወጣ። ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ሕፃን ልጅ ከባርኔጣ ውስጥ ወረቀት ሲያነሣ ሁሉም ያያል። ኮምፒዩተር ሲያነሣ ሁሉም የሚያየው ስክሪኑን ነው፤ ባርኔጣው ውስጥ ምን እንደተጨመረ አያይም። ማታለል ድሮም ነበር፤ አሁን ግን ማየት ብቻውን ምስክርነት መሆኑ ቀርቷል። ዕጣን ለመመስከር የባለሙያ ኦዲት ያስፈልጋል ማለት ነው።

ይኸው ለውጥ በጨዋታዎቹም ላይ ደርሷል። ለታላቁ የሕዳሴ ግድብ ገንዘብ ለማሰባሰብ ወደ 8100 የጽሑፍ መልእክት የሚላክበት የሽልማት ዕጣ ብዙዎቻችን እናስታውሰዋለን። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 605 መልእክት በመላክ የሚገዛው አድማስ ዲጂታል ሎተሪ መጣ። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ የስልክ መረብ ባለበት ሁሉ ትኬት አለ። ነገር ግን ሁለት ነገር አብሮ ጠፋ። አንዱ በእጅ የሚያዝ ወረቀት፣ ሁለተኛው አዟሪው። መልእክት የሚልክ ሰው ዘወር በል የሚለው፣ ‹‹ዛሬ አልገዛም›› ብሎ የሚያልፈው ሰው ፊቱ የለም፤ ጣቱና ስልኩ ብቻ ናቸው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን እናንተ ቤቲንግ የምትሉት የስፖርት ውርርድ ነው። በሕግ ዓይን ከሎተሪ ዓይነቶች እንደ አንዱ ተቆጥሮ ፈቃድ ይሰጥበታል። በባሕርዩ ግን ከሎተሪ ጋር የማይመሳሰልበት ነገር አለ። ሎተሪ የገዛ ሰው ሲያጣ ‹‹ዕድል ነው›› ብሎ ያልፋል፤ ራሱን አይወቅስም። ውርርድ ግን ዕውቀት የሚጠይቅ ይመስላል። ወጣቱ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን ቡድኖች ከነጉዳተኞቻቸው ያውቃቸዋል፤ ሲያጣ ‹‹ተሳሳትሁ›› ይላል። የተሳሳተ ሰው ደግሞ ስሕተቱን ለማረም ይመለሳል። መደበኛው ሎተሪ ለቀናት ያስጠብቃል፤ ውርርዱ በዘጠና ደቂቃ ያልቃል፣ ሌላው ጨዋታም ወዲያው ይጀምራል። አንድ ቲኬት ላይ አሥር ጨዋታ ደርድሮ በአንዱ ብቻ የወደቀ ልጅ ‹‹በአንድ ጨዋታ አመለጠኝ›› ሲል የአባቱን ‹‹በአንድ ቁጥር አመለጠኝ›› ይደግማል፤ የእርሱ ግን ይበልጥ ያታልላል፣ ዘጠኙን ያወቀ ሰው አሥረኛውን የማያውቅበት ምክንያት አይታየውምና።

ከጦርነቱ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተ ወዲህ አንድ ተማሪዬ ቢሮዬ መጥቶ ለምግብ የሚሆን ገንዘብ እንዳበድረው ጠየቀኝ። እናቱ ከገጠር የላከችለትን የወሩን ገንዘብ በሁለት ቀን ጨርሶት ነበር። አልተቆጣሁትም። ስለምን እንደተወራረደ ስጠይቀው የመለሰልኝ መልስ ግን እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም፦ ‹‹መምህር፣ ሁለት ዓመት ጠፍቶብኛል፤ ቶሎ መድረስ ነበረብኝ›› አለኝ። ይህን ልጅ የቁማር ሱስ ያዘው ብቻ ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን ‹‹መድረስ›› የሚለውን ቃል ሰማሁ። ትምህርት ተቋርጦበት፣ የቤተሰቡ ጥሪት ጠፍቶ፣ የመምህራኑም ደመወዝ ለወራት ያልተከፈለበትን ዘመን ያየ ወጣት ተራውን ጠብቆ የሚደርስ ነገር መኖሩን ማመን አቅቶታል። ተራ በጠፋበት አገር ዕድል ይነግሣል።

ስለዚህ ችግሩን ውርርድ ቤቶችን በመዝጋት ብቻ የምንፈታው አይመስለኝም። ቁጥጥሩ ይጥበቅ፤ የዕድሜ ገደቡ ይከበር፤ ውርርድ ቤት ከትምህርት ቤት ደጃፍ ይራቅ። በዚህ እስማማለሁ። ሆኖም የተሻለው መድኃኒት የሚደርሱ ዕጣዎችን መልሶ ማቆም ነው። ዕቁብ በጦርነቱ መካከል እንኳ በብዙ ሰፈር አልጠፋም፤ ገንዘብ ሲጠፋ በእህል የሚጣል ዕቁብም አይቻለሁ። ባንኮቻችን ‹‹ይቆጥቡ ይሸለሙ›› በሚል የሚያወጡት ዕጣም ሊጠና ይገባዋል፤ እዚያ ዕጣ ያልወጣለት ቆጣቢ ገንዘቡን አያጣም፣ ያጣው ሽልማቱን ብቻ ነው። በከተማችን ዳርቻ በማኅበር ተደራጅተው የቤት መሥሪያ ቦታ የሚወስዱ ሰዎች የትኛው ቦታ ለማን እንደሚሆን በዕጣ ይለዩታል። የዓይናለም አባቶች፣ ይህ የአያቶቻችሁ የደሳ ዕጣ የልጅ ልጅ ነው። ከዚህ ሜዳ ሥር ተቆፍሮ ለመላው መቐለ የሚከፋፈለውን የዓይናለምን ውኃ አስቡት፤ ውኃው በፈረቃ ቢመጣም ነዋሪው የሚታገሠው ፈረቃው የሁሉም መሆኑን እስካመነ ድረስ ነው። እምነቱ የጠፋ ዕለት እያንዳንዱ የራሱን ጉድጓድ መቆፈር ይጀምራል።

ለታሪክ ተማሪዎች አንድ አደራ አለኝ። የሎተሪ ታሪክ ከቤተ መንግሥት ታሪክ ያነሰ እንዳይመስላችሁ። ትኬቶቹን ሰብስቡ፤ በላያቸው የታተመውን ሥዕል፣ የዋጋቸውን ለውጥ፣ የበዓላቱን ስም አጥኑ። በየከተማው ያረጁ አዟሪዎችን ሳያልፉ ጠይቁ፤ ማን ይገዛ ነበር? በስንት ሰዓት? ደመወዝ በወጣ ማግሥት ወይስ ከመውጣቱ በፊት? አንድ መንግሥት ለሕዝቡ ምን ዓይነት ተስፋ እንደሚሸጥ ማወቅ ምን ዓይነት ተስፋ መስጠት እንዳልቻለ ማወቅ ነውና።

የጀመርሁባት ወረቀት አሁንም ከመጽሐፉ ውስጥ ናት። ቁጥሯን ከድሮ የዕጣ ዝርዝር ጋር እንዳመሳክር የመከሩኝ ወዳጆች አሉ፤ አላደረግሁትም፣ የማደርገውም አይመስለኝም። ለእኔ ያቺ ትኬት ስልኩ፣ ባንኩና መንገዱ ሳይዘጉ በፊት፣ በመቐለ ጎዳና የተሸጠች ወረቀት አዲስ አበባ ላይ ትከበራለች ብዬ ያለ ጥያቄ ያመንሁበት የመጨረሻው ቀን ማስረጃ ናት። የገዛሁት ዕድል መስሎኝ ነበር፤ ለካስ የገዛሁት አመኔታ ኖሯል። ዕድል በየሳምንቱ ይታተማል፤ አመኔታ ግን አንዴ ከተቀደደ ለማተም አስቸጋሪ ነው። ያን አመኔታ ሁሉም እያየ በሚወጣ፣ ለሁሉም በሚደርስ ዕጣ ቀስ በቀስ መልሶ መገንባት የእናንተ ትውልድ ሥራ ነው።

 አሁን ጥያቄያችሁን ልቀበል።